አራት ካርድ ጠረጴዛ ላይ፤ የትኞቹን ትገለብጣላችሁ?

ቁስቋም_ማዶ
ጎበዝ፣ ይቺን ፍቱልን። ከጓደኞቼ ጋር ፒያሳ ቡና ላይ አንስተናት ሳንስማማ ተለያየን። ሁለቱማ ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸውም።

ጠረጴዛ ላይ አራት ካርድ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ካርድ በአንድ ፊቱ ፊደል፣ በሌላው ፊቱ ቁጥር አለው። ከላይ የሚታየው ይሄ ነው፦

ሀ — ለ — 4 — 7

አንድ ሰው መጣና «ከእነዚህ ካርዶች በአንድ ፊቱ ሀ ያለበት ሁሉ በሌላው ፊቱ 4 አለው» አለ። እውነቱን ይሁን ውሸቱን ለማወቅ የግድ መገልበጥ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው? የማያስፈልግ ካርድ መንካት ክልክል ነው። ምክንያታችሁንም ጻፉ። ጎግል ማድረግ ነውር ነው።

የማራኪ_ልጅ
ሀ እና 4። ይሄ ነው ያጣላችሁ?

አራዳ_ገበያ
ሀ ብቻ። የተወራው ስለ ሀ ነው፣ ሌላው ምን አግብቶት።

ዐፄዎቹ_ብቻ
አራቱንም ገልብጥና አርፈህ ቡናህን ጠጣ።

ቁስቋም_ማዶ
ዐፄዎቹ፣ ሁሉን መገልበጥ ከተፈቀደማ ምኑን እንቆቅልሽ ሆነ።

ዐፄዎቹ_ብቻ
እንግዲያው አላወቅኩትም። አገር ስጠኝ በለኝ።

ቁስቋም_ማዶ
አገር ስጠኝ።

ዐፄዎቹ_ብቻ
ባሕር ዳርን ውሰድ። ጎንደርማ አትሰጥም።

የቀሐዋ
ሀ እና 7።

የማራኪ_ልጅ
7 ከየት መጣች እህቴ? ሰውየው 7 የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

የቀሐዋ
አዎ አልወጣም። ግን 7ን ስትገለብጣት ጀርባዋ ላይ ሀ ብታገኝስ? «ሀ ያለበት ሁሉ 4 አለው» ብሎሃል፤ አንተ ደግሞ ሀ እና 7 ያለበት ካርድ በእጅህ ይዘሃል። አለቀ፣ ተያዘ። ስለዚህ 7ን ሳታይ «እውነቱን ነው» ልትለኝ አትችልም።

አሁን ደግሞ 4ን ገልብጣት። ሀ ብታገኝ ጥሩ፣ እንዳለው ሆነ። ለ ብታገኝስ? ለ ያለበት ካርድ 4 አይኖረውም የሚል ነገር አልተናገረም። በየትኛውም በኩል ሰውየውን አትይዘውም። ታዲያ ለምን ትገለብጣታለህ?

የማራኪ_ልጅ
ቆይ ቆይ። 4ን ገልብጬ ሀ ካገኘሁ እኮ ማስረጃ አገኘሁ ማለት ነው። ይሄ እንዴት ከንቱ ይሆናል?

የቀሐዋ
በአንድ ካርድ ላይ አልተሳሳተም ማለት ነው፣ ሌላ ምንም። 7 እኮ አሁንም እዚያው ተኝታለች።

አራዳ_ገበያ
የቀሐዋ፣ አነጋገርሽ ደስ ይላል ግን አልገዛሁትም። ደንቡ ከፊደል ተነስቶ ነው ወደ ቁጥር የሚሄደው። 7ን ይዞ ከኋላዋ ፊደል መፈለግ የኋሊት መራመድ ነው።

ባጃጅ_አዘዞ
ካርድ ፊትና ኋላ የለውም ወንድሜ። ቀድሞ ያየኸው ነው ፊት የሚባለው። 7 ጀርባዋ ሀ ነው እንበል። የደረደረው ሰው በሌላው ጎኗ ቢያስቀምጣት ኖሮ የሚታይህ ሀ ነበር፣ ያኔ ያለምንም ክርክር ትገለብጣት ነበር። ካርዷ ያችው ናት።

አራዳ_ገበያ
ላስብበት።

የማራኪ_ልጅ
እኔ ግን የማልለቀው ነገር አለ። በሰው አነጋገር «ሀ ካለ 4 አለ» ከተባለ «4 ካለም ሀ አለ» የሚል አብሮት ይመጣል። እናቴ «ካጠናህ ታልፋለህ» ስትለኝ «ካላጠናህ ትወድቃለህ» ማለቷ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሰው እንደዚህ ነው የሚያወራው። እናንተ የፍርድ ቤት ጠበቃ ሆናችሁ ነው እንዴ የምታነቡት?

ጡረተኛ_መምህር
ልጆች እንደምን አላችሁ። ሳነባችሁ ቆየሁ። የማራኪው ልጅ ያነሳው ቀላል ነገር አይደለም፣ አትሳቁበት። ግን እስቲ እንዳልከው እናንብበው። ሀ ካለ 4 አለ፣ 4 ካለም ሀ አለ፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም እንበል። ያኔ ለ ጀርባዋ 4 ከሆነ ደንቡ ፈረሰ። 4 ጀርባዋ ለ ከሆነም ፈረሰ። ሀ እና 7ንማ ማየታችን አይቀርም። ስለዚህ መልሱ አራቱም ካርዶች ይሆናል።

ጠበቃ ሆነህ ካነበብከው ሀ እና 7፤ እንደ እናትህ ካነበብከው አራቱም። በየትኛው ንባብ ነው ሀ እና 4 የሚወጣው?

ዐፄዎቹ_ብቻ
ስለዚህ «አራቱንም ገልብጥ» ያልኩት እኔ በእናቱ ንባብ ልክ ነበርኩ። ይመዝገብልኝ።

የማራኪ_ልጅ
መምህር፣ በዚህ በኩል ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁዎትም።

ጡረተኛ_መምህር
አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። ጥያቄውን ያወጣው ፒተር ዌሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው፤ በፈረንጆቹ 1966 ነው የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቦታ ተሞከረ፣ ባዶ ፊደልና ቁጥር ሲሰጣቸው በትክክል የሚመልሱት ከአሥር ሰው አንድ ያህል ናቸው። አብዛኛው ወይ ሀ እና 4 ይላል፣ ወይ ሀ ብቻ። የእናንተ የመጀመሪያ ሁለት መልሶች ልክ እነሱ ናቸው።

የቀሐዋ
እኔ በሌላ ላምጣላችሁ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። አንድ ምግብ ቤት አራት ሰው ተቀምጧል። ደንቡ «ጾመኛ የሆነ ሁሉ የጾም ምግብ ነው የሚበላው» ይላል።

አንደኛው «ጾመኛ ነኝ» ብሏል፣ የሚበላውን አላየንም። ሁለተኛው «አልጾምም» ብሏል፣ የእሱንም ምግብ አላየንም። ሦስተኛው ሽሮ እየበላ ነው፣ ይጹም አይጹም አናውቅም። አራተኛው ክትፎ እየበላ ነው፣ እሱንም አናውቅም።

ማንን ትፈትሻላችሁ?

ባጃጅ_አዘዞ
ጾመኛ ነኝ ያለው ሳህን ላይ አያለሁ፣ ክትፎ የሚበላውን እጠይቃለሁ። ሽሮ የሚበላውንማ ማን ይጠይቀዋል፣ ደመወዝ አልወጣለትም ይሆናል።

አራዳ_ገበያ
ጾመኛውና ባለ ክትፎው። ይሄ ጥያቄ ነው እንዴ?

የማራኪ_ልጅ
ባለ ክትፎውና ጾመኛው።

የቀሐዋ
በሉ እንግዲህ። ጾመኛው ሀ ነው። የማይጾመው ለ ነው። ሽሮው 4 ነው። ክትፎው 7 ነው። አሁን ሁላችሁም ሀ እና 7 ብላችኋል፣ ከሽሮ በላተኛው ጋር ጉዳይ የለንም ብላችኋል። ካርዱ ላይ ሲሆን ግን ከ4 ላይ አትነሱም።

ቅኔ_ቤት
ሰሙ ተቀየረ እንጂ ወርቁ ያው ነው ማለትሽ ነው።

የማራኪ_ልጅ
አይ፣ እዚህ ጋ ቁሙ። ወርቁም ተቀይሯል። ጾመኛ ነኝ ያለው ሰውዬ ክትፎ ሲበላ ቢገኝ ጾሙ ውሸት ነው እንላለን? አንልም። ደንቡ እንዳለ ይቆማል፣ የጣሰው ሰውየው ነው። ካርዱ ላይ ግን 7 ጀርባዋ ሀ ከሆነ ካርዷ ምን አጠፋች? አባባሉ ነው ውሸት የሚሆነው። አንዱ ጋ አጥፊ እየፈለግን ነው፣ ሌላው ጋ የተነገረን ነገር እውነት መሆኑን እየመረመርን ነው። ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። የሚገለበጡት ተመሳሳይ ስለሆኑ ብቻ አንድ ጥያቄ ነው ማለት አይቻልም።

የቀሐዋ
እም። ይሄ ጥሩ ነው።

ጡረተኛ_መምህር
በጣም ጥሩ ነው። ሊቃውንቱም በዚሁ ተከራክረዋል። በ1982 ግሪግስና ኮክስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ተማሪዎችን በቢራ ጠየቋቸው፤ «ቢራ የሚጠጣ ሰው ዕድሜው ከ19 በላይ መሆን አለበት» የሚል ደንብ ሰጥተው። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ በትክክል መለሱ። ቢራ የያዘውንና ልጅ እግሩን አሉ፣ ለስላሳ የያዘውን ተዉት።

ታዲያ ለምን ቀለለ? አንዱ ወገን «የለመዱት ነገር ስለሆነ ነው» አለ። ሌላው ወገን «ሰው ደንብ ጥሶ የሚያታልልን ለመያዝ አእምሮው የተሳለ ስለሆነ ነው» አለ። ሦስተኛው ወገን ልክ እንደ ማራኪው ልጅ «መጀመሪያውኑ ጥያቄው ሌላ ነው» አለ። እኔ ወደ ሦስተኞቹ አደላለሁ። መልመድ ብቻ ቢሆንማ ፊደልና ቁጥር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለምደነዋል።

ዐፄዎቹ_ብቻ
ቢራ ከተነሳማ ዳሸን ፋብሪካ በር ላይ ቆመን እንሞክረው፣ እኔ ለሳይንስ ስል እጠጣለሁ።

አራዳ_ገበያ
አስቤበት መጣሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰውየው «ሀ ያለበት ካርድ በጭራሽ 4 የለውም» ቢልስ? ካርዶቹ ያው ናቸው፣ ሀ፣ ለ፣ 4፣ 7።

የማራኪ_ልጅ
ሀ እና 4።

የቀሐዋ
ትክክል። ሀ ጀርባዋ 4 ከሆነ ተያዘ፣ 4 ጀርባዋ ሀ ከሆነም ተያዘ። 7 አሁን ሥራ የላትም።

የማራኪ_ልጅ
ድሮስ ምን አልኳችሁ!

ቁስቋም_ማዶ
ሃሃሃ አንተ እኮ ደንቡን ገልብጠንብህም መልስህን አልገለበጥክም። ሰውየው የጠራቸውን ሁለት ነገሮች ነው የምታነሳው።

ጡረተኛ_መምህር
ቁስቋም፣ ይሄን ቀልድ አድርገህ አትለፈው። ጆናታን ኢቫንስ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሳየው ይህንኑ ነው። ደንቡ «አለው» ቢልም «የለውም» ቢልም ብዙ ሰው ጆሮው ላይ የቀሩትን፣ ስማቸው የተጠራውን ካርዶች ያነሳል። «የለውም» ሲባል መልሱ በአጋጣሚ ይገጥማል። ሁሉም በትክክል መለሰ፣ ስንቱ አስቦ መለሰ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አርባ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ፈተና ያረመ ሰው ይሄን ያውቀዋል።

የማራኪ_ልጅ
እኔ አስቤ ነው መምህር! ካላመኑኝ ሌላ ይስጡኝ።

ጡረተኛ_መምህር
እሰጣለሁ። በልቤ አንድ ደንብ ይዣለሁ፤ ሦስት ቁጥሮች ተከታትለው ሲመጡ የሚመለከት ነው። 2፣ 4፣ 6 ደንቡን ያሟላሉ። እናንተ ሦስት ሦስት ቁጥር እየላካችሁ ጠይቁኝ፣ ያሟላል ወይም አያሟላም እላለሁ። ደንቡን ያወቀ ይናገር። የሚያውቃት ካለ ዝም ይበል።

ዐፄዎቹ_ብቻ
8፣ 10፣ 12

ጡረተኛ_መምህር
ያሟላል።

አራዳ_ገበያ
20፣ 22፣ 24

ጡረተኛ_መምህር
ያሟላል።

ዐፄዎቹ_ብቻ
ገባኝ! ሁለት ሁለት እየጨመሩ የሚሄዱ ተጋማሽ ቁጥሮች።

ጡረተኛ_መምህር
አይደለም።

ዐፄዎቹ_ብቻ
እንዴ!

ባጃጅ_አዘዞ
3፣ 5፣ 7

ጡረተኛ_መምህር
ያሟላል።

ባጃጅ_አዘዞ
በቃ ጎደሎም ሆነ ተጋማሽ፣ ሁለት ሁለት መጨመር ነው።

ጡረተኛ_መምህር
አይደለም።

አራዳ_ገበያ
10፣ 20፣ 30

ጡረተኛ_መምህር
ያሟላል።

አራዳ_ገበያ
በመሃላቸው ያለው ልዩነት እኩል የሆነ ሁሉ!

ጡረተኛ_መምህር
አይደለም።

ዐፄዎቹ_ብቻ
መምህር የያዙት ደንብ መኖሩን በምን እናውቃለን? ወረቀት ላይ ጽፈው ይላኩልን።

የማራኪ_ልጅ
1፣ 2፣ 900

ጡረተኛ_መምህር
ያሟላል።

የማራኪ_ልጅ
9፣ 5፣ 1

ጡረተኛ_መምህር
አያሟላም።

የማራኪ_ልጅ
የሚቀጥለው ካለፈው የሚበልጥ መሆን ብቻ ነው። እያደገ ይሂድ እንጂ በስንት እንደሚያድግ ግድ የለዎትም።

ጡረተኛ_መምህር
ይኸው ነው! አሁን ከላይ ወደ ታች አንብቡት። ሌሎቻችሁ «ያሟላል» እንዲባልላችሁ የምትፈልጉትን ብቻ ነው የላካችሁት። ሁለት ሁለት መጨመር ነው ብሎ ያሰበ ሰው ሁለት ሁለት የሚጨምር ላከ፤ እኔም አዎ አልኩት፣ ልቡ ሞላ። እሱ ግን 1፣ 2፣ 900 ሲል የእናንተን ሐሳብ ሊያፈርስ ነው የላከው። 9፣ 5፣ 1 ሲል ደግሞ «አይ» የሚል መልስ ፈልጎ ላከ። በዚያ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ «አያሟላም» ያልኩት ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይችንም ያወጣት ያው ዌሰን ነው፣ በ1960። ከ29 ተማሪዎች የመጀመሪያ መልሳቸው ልክ የሆነው 6ቱ ብቻ ነበሩ።

የቀሐዋ
የማራኪ፣ አንተ እኮ ካርዱ ላይ 4ን ካልገለበጥኩ ያልክ ሰው ነህ። እዚህ ጋ ደግሞ 7ን ፈልገህ ገለበጥክ።

የማራኪ_ልጅ
እዚህ ጋ ሌሎቹ ሲወድቁ አይቻለሁ። መንገዱ ተዘጋ፣ ሌላ መንገድ ሞከርኩ።

ቁስቋም_ማዶ
ይሄ ነው እኮ። ብቻህን ብትሆን ያንተም 8፣ 10፣ 12 ነበር።

ጡረተኛ_መምህር
በዚህ ላይ ልጨምር። በ1998 ሞሽማንና ጋይል የሚባሉ ሰዎች የካርዱን ጥያቄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አሠሯቸው። ብቻቸውን ከሠሩት በትክክል የመለሱት 9 በመቶ ናቸው። አምስት ስድስት እየሆኑ ተከራክረው ከሠሩት ቡድኖች ግን 75 በመቶው አገኙት። የሚገርመው አንዳንዱ ቡድን ውስጥ ሲጀመር መልሱን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። አንዱ ብልህ ነግሯቸው አይደለም፣ ተጨቃጭቀው ነው የደረሱበት።

ቅኔ_ቤት
በእኛም ቤት እንዲሁ ነው። ተማሪ ብቻውን ዛፍ ሥር ቅኔውን ይቆጥራል። ግን ጓደኛውና መምህሩ ፊት ሲያቀርበው ነው የሚታየው። እዚያ ጋ ስንጥቁን የሚያወጡበት አሉ፣ ያውም ሳይራሩ።

ጤና_ጣቢያ
ዘግይቼ ገባሁ። የማራኪውን ልጅ ያለ ጠበቃ ትታችሁታል፣ ልቆምለት ነው።

«ድግሱ ላይ ያንን ወጥ የበላ ሁሉ ሆዱን ታሟል» ተባለ እንበል። በእናንተ ሒሳብ የበላው ሀ፣ ያልበላው ለ፣ የታመመው 4፣ ጤነኛው 7 ነው። አሁን ማን እንደበላ ዝርዝር የለኝም። «7ን ገልብጥ» ብላችሁ ጤነኛውን ሁሉ እንድጠይቅ ትልኩኛላችሁ? ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለው ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው! አብዛኛው ድግሱ መኖሩንም አልሰማ። እኔ የምጀምረው ከታመመው ነው። «ምን በላህ?» እላለሁ። 4ን ገለበጥኩ ማለት ነው። ይሄ ስህተት ነው?

የማራኪ_ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥህ!

የቀሐዋ
ከታመመው ብቻ ካቆምክ ግን አዎ ስህተት ነው። የታመሙት ሁሉ ውሃውንም ጠጥተው ይሆናል። ያልታመመውን ካልጠየቅክ ወጡ ይሁን ውሃው በምን ትለያለህ?

ጤና_ጣቢያ
አላቆምም። ከታመሙት ቀጥሎ ያልታመሙትንም እንጠይቃለን፣ ግን ከዚያው ድግስ የተጠሩትን መርጠን ነው። ወጡን በልቶ ምንም ያልሆነ ከተገኘ «ሁሉ» የሚለው ወደቀ። ስለዚህ 7ም ትገለበጣለች። የእኔ ነጥብ 4 ከንቱ አይደለችም ነው።

ጡረተኛ_መምህር
ልክ ነህ፣ እንደዚህ ብለው የጻፉም አሉ፤ ኦክስፎርድና ቻተር፣ በ1994። በኑሮ ውስጥ የምንመረምረው ነገር ብዙ ጊዜ ብርቅ ነው፤ የታመመው ጥቂት፣ ጤነኛው እልፍ። እንዲህ ሲሆን 4ን መገልበጥ ከ7 የበለጠ ወሬ ሊያመጣልህ ይችላል፤ ስለዚህ 4 የሚለውን ሰው ዝም ብላችሁ አትናቁት አሉ። ካርዱ ላይ ግን ያለው አራት ካርድ ብቻ ነው፣ የተጠየቀውም «የቱ ይጠቅማል» ሳይሆን «የቱ የግድ ነው» ነው። ጠረጴዛው ላይ አሁንም ሀ እና 7 ነው የምለው።

ቁስቋም_ማዶ
እንግዲያው ጠረጴዛውን እናስፋው። ሺህ ካርድ ተደርድሯል። ከላይ 995ቱ 7 ያሳያሉ፣ 5ቱ 4 ያሳያሉ። ከላይ ሀ የሚታይ የለም። ደንቡ ያው ነው፣ ሀ ያለበት ሁሉ 4 አለው። አምስት ካርድ ብቻ እንድትገለብጡ ተፈቅዶላችኋል። የትኞቹን?

የቀሐዋ
አምስት 7። 4ቱን ሁሉ ብገለብጥ ሰውየውን በጭራሽ አልይዘውም። 7 ላይ ትንሽም ብትሆን ዕድል አለኝ።

የማራኪ_ልጅ
አምስቱንም 4። ከ995 ውስጥ አምስት ነክተሽ ምን ልታውቂ? እኔ አምስቱን ገልብጬ አምስቱም ሀ ቢሆኑ ሰውየው ዝም ብሎ እንዳላወራ አውቃለሁ።

የቀሐዋ
ዝም ብሎ አላወራም፣ ግን ልክ ነው ወይ? አምስት ሀ አግኝተህ ከ7ቹ ሥር ሌላ መቶ ሀ ቢኖርስ?

ጤና_ጣቢያ
ሦስት 4፣ ሁለት 7። መጀመሪያ ሀ የሚባል ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ መኖሩን ልወቅ።

ባጃጅ_አዘዞ
እኔ ከየቀሐዋ ጋር ነኝ። መምህር፣ እርስዎስ?

ጡረተኛ_መምህር
መጀመሪያ ቁስቋም ይመልስልኝ፤ ካርዶቹን የደረደረው ማን ነው? ሰውየው ራሱ ከሆነና 4ን ከላይ አድርጎ ሆን ብሎ ያሳየን ከሆነ አንድም 4 አልነካለትም።

ቁስቋም_ማዶ
እሱን አላሰብኩም ነበር። ዝም ብሎ የተበወዘ ነው በሉት፣ ድምፅ ስጡና ነገ እንቆጥራለን።